የአይሱዙዬ ዳሽቦርድ በየተራ እየጨለመ ነው፤ አምፖሉ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ከረማችሁ።

ከደብረ ማርቆስ ነኝ። የምነዳው አይሱዙ ኤንፒአር ነው። 24 ቮልት፣ ሁለት ባትሪ፣ አምና ከሰው እጅ የገዛሁት። ከሁለት ወር ወዲህ የዳሽቦርዱ አምፖሎች በየተራ እየተቃጠሉብኝ ነው። መጀመሪያ የነዳጅ ጌጁ ጨለመ፣ ቅዳሜ አስቀይረዋለሁ ብዬ ተውኩት። ቅዳሜ መጣ፣ ሄደ። ከዚያ የፍጥነቱ ግማሽ ፊት ጠፋ። ከዚያ የሙቀቱ። አንዱን አስቀይሬው ነበር፣ ሦስት ሳምንት አልቆየም። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ከቢቸና 50 ኩንታል ጤፍ ጭኜ ስወጣ ደጀን ሳልደርስ መሸብኝ። አባይ በረሃን ስወርድ ኤግዞስት ፍሬኑ መያዝ አለመያዙን የማውቀው በድምፁ ነው፣ መብራቱ የለማ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ረዳቴ የሞባይሉን መብራት ጌጁ ላይ አድርጎ ሙቀት እያነበበልኝ ነው ዳገቱን የጨረስነው። ልጁን እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ጌጁም አብሮት ይተኛል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የሚገባው አምፖል ምን ዓይነት ነው? ራሴ መቀየር እችላለሁ ወይ? ደግሞስ አዲሱም ለምን ይቃጠላል?

ማስተካከያ፦ ይህን ከጻፍኩ ወዲህ 29 መልስ ገብቷል። ግማሹ ወርቅ ነው፣ ግማሹ ወግ ነው፣ ጥቂቱ ስድብ ነበር፤ ስድቡን አስተዳዳሪው አጥፍቶታል። በየቀኑ አንድ ሰው ብቅ እያለ ከላይ የተመለሰውን እንደገና ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ በራሴ አፍ ላስቀምጠው። ቃል በቃል አልደግምም፤ አንዳንዱ ቢደገምም አያምርም።

መልስ 1 የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፣ ጨዋ ሰው። አምፖል ከመግዛቴ በፊት ከመኪናው ወርጄ የኋላ መብራቴን እንዳይ መከረኝ። በብዙ መኪና የዳሽቦርዱ መብራትና የኋላው ትንሹ መብራት በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠሩት። ሁሉም በአንዴ ድርግም ካለ ጥፋቱ የፊውዝ ነው፣ ወይም የዳሽቦርዱን ብርሃን ከፍ ዝቅ የምታደርገው የምትሽከረከረው ቁልፍ ናት። በየተራ ከሆነ ግን አምፖል ነው። የኔ በየተራ ነው። ለማንኛውም ብዬ ወርጄ ሳይ የኋላው የግራ መብራት ሞቶ አገኘሁት። እሱንም ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ያን ጊዜ ነገሩን ከዳሽቦርዱ ጋር አላገናኘሁትም፣ ማገናኘት ነበረብኝ።

መልስ 2 ስለ ዓይነቱ ነው። ለምልክት መብራቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቲ5 የሚባለው ነው። ቀጭን ብርጭቆ ብቻ፣ ከሥሩ ሁለት የሽቦ ጭራ የተጠቀለለበት፣ ብረት ቂጥ የሌለው። ብዙ ጊዜ 24 ቮልት 1.2 ዋት ይላል። ጌጆቹን ከኋላ የሚያበሩት ላይ ወፈር ያለው ቲ10 የሚገባባቸውም አሉ። ዋናው ምክሩ ግን አሮጌውን ነቅዬ በእጄ ይዤ ወደ ሱቅ እንድሄድና ብርጭቆው ሥር ያለውን ጽሑፍ ራሴ እንዳነብ ነው። የ12 እና የ24 ቮልቱ መንታ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። የ12ቱን 24 ላይ ብትሰካው አንዴ ቦግ ይልና ያበቃለታል። ባለሱቁ ያው ነው ቢለኝ እንዳላምነው አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም ተብያለሁ።

መልስ 3 አጭር ናት። ለኤሌትሪሺያን ስጠው፣ አትነካካው ዓይነት። መልስ 4 ደግሞ በ3 ላይ ተነሳ፦ ይሄ አስተሳሰብ ነው ሹፌሩን ለአንዲት አምፖል ግማሽ ቀን ጋራዥ የሚያስውለው ብሎ አራት መስመር ተቆጣ። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል።

አሁን መልስ 5። እንደኔ የዚህ የውይይት ክር ሁሉ እናት እሱ ነው። የጻፉት ሽማግሌ ናቸው፣ በወጣትነታቸው የጣሊያኑን ጭነት መኪና፣ ፊያት ኤንትሬን፣ የነዱ። ዳሽቦርድ አይሉም፣ ክሩስኮቶ ነው የሚሉት። ፊውዙ ቫልቮላ ነው፣ መፍቻው ካቻቪቴ ነው፣ ፍሬቻ ግን እኛም ፍሬቻ እንላለን። ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው፤ መኪኖቹ ሄደው ቃላቱ ቀሩ። ከዚህ በኋላ ክሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ተሳዳቢውም ጭምር፣ አንቱ እያለ ነው የጻፈላቸው።

የእሳቸው አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። ከመሪው በላይ ያለው የጌጆቹ ክዳን በዙሪያው ያሉት ብሎኖች ይፈቱና ቀስ ተብሎ ወደ ራስ ይሳባል፤ ፕላስቲኩ ፀሐይ የበላው ከሆነ ጥርሱ ይሰበራል፣ አይቸኮልም። ከዚያ ጌጆቹን የያዘው ሳጥን ራሱ በጥቂት ብሎን ነው የታሰረው። እሱ ሲፈታ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ እጅ እስኪገባ ድረስ ብቻ ይመጣል። አሮጌ ሞዴል ከሆነ የፍጥነት ገመድ ከኋላው ተሰክቷል፣ ጥርሱን ጫን ብሎ ማላቀቅ ነው። የሽቦ ሶኬቶቹንም እንደዚሁ፣ ምላሷን ተጭኖ ሶኬቱን መያዝ እንጂ ሽቦውን መጎተት የለም። አምፖሎቹ ከጀርባ በፕላስቲክ መያዣ ናቸው። ሩብ ዙር ወደ ግራ ሲዞሩ ይወጣሉ።

ሁለት ነገር ላይ ረጅም ጻፉ። አንደኛው ከጀርባ ያለው ስስ ላስቲክ ነው። ላዩ ላይ የመዳብ መስመሮች ታትመዋል፣ ሽቦ ማለት እነሱ ናቸው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስለሆነ ካቻቪቴ ካሻከረው መስመሩ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ስንት አምፖል ብትቀይር አይበራም። ሁለተኛው አምፖሏን ከመያዣዋ ማውጣት ነው። ጣት አይይዛትም፣ ፒንሳ ይሰብራታል። እሳቸው ከነዳጅ መመለሻ ቀጭን ቱቦ የጣት ርዝመት ቆርጠው ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። የቱቦውን አፍ ብርጭቆው ላይ አጥልቀው ቀጥ አድርገው ይስቡታል። አዲሱንም በዚያው ይሰኩታል። አድርጌው አይቻለሁ። ጥርስ እንደመንቀል ነው፣ ጧ ይልና ይወጣል።

መልስ 6 አምፖሉን በጣት መንካት ክልክል ነው፣ የእጅ ቅባት ያቃጥለዋል፣ የኔም አምፖል ቶሎ የሚሞተው በዚያ ነው ብሎ ፈረደ። መልስ 7 በትሕትና አረመው። እሱ ሕግ ለፊት መብራቱ ለሃሎጂኑ ነው፣ በጣም ስለሚግል። የዳሽቦርዷ ትንሽ አምፖል ያን ያህል ሙቀት የላትም፣ ብትነካት ምንም አትሆንም። 6 ተመልሶ አመሰገነ። እንዲህ ዓይነት ነገር እዚህ ሰፈር ብርቅ ነው።

መልስ 8 ነጋዴ ነው፣ ኤልኢዲ ይሸጣል። አልፈዋለሁ።

ግን ወሬው ወደ ኤልኢዲ ዞረ። መልስ 9 ከዳንግላ ነው። በኮረኮንች የሚሄድ ሰው ተራ አምፖል ሞኝነት ነው ባይ ነው። ውስጧ ያለችው የሽቦ ክር በመንቀጥቀጥ ትበጠሳለች፣ ኤልኢዲ እንዲህ ዓይነት ሽቦ የለውም። መልስ 10 አልተስማማም። ሰማያዊውን አስገብቶ ሌሊት ዓይኑን ሲወጋው ከርሞ መልሶ አውጥቶታል። ደግሞ የድሮው ለስላሳ አረንጓዴ ከአምፖሉ አይደለም የሚመጣው፤ አምፖሉ ላይ እንደ ባርኔጣ ከተጠለቀች አረንጓዴ ላስቲክ ወይም ከፊቱ ካለው ቀለም ነው። ያቺን ባርኔጣ ጥላችሁ መብራቱ ቀለሙን ቀየረ አትበሉ። አንድ ነገር ጨመረ፦ ኤልኢዲ ሰክታችሁ ካልበራ አትጣሉት፣ ነቅላችሁ አዙራችሁ ስኩት። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል።

መልስ 11 ታሪክ ነው፣ ወደድኩት። ሰውዬው ዳሽቦርዱን በሙሉ ኤልኢዲ አደረገ። ቀዩን የባትሪ ምልክት ሳይቀር። እንደ ሠርግ ቤት አበራ፣ ፎቶ አነሳ፣ ለጓደኞቹ ላከ። በማግስቱ ከባሕር ዳር ተነስቶ በየመንገዱ እየቆመ ዕቃ ሲያወርድ ዋለና ደምበጫ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ምሳ በላ። ሲመለስ አልነሳ አለው። ባትሪው ባዶ። ቀዩ መብራት ደግሞ አንዴም አላስጠነቀቀውም።

መልስ 12 ምክንያቱን አስረዳ፣ እኔም ያኔ ነው የገባኝ። በብዙ መኪና ያቺ ቀይ አምፖል ምልክት ብቻ አይደለችም። ቁልፍ ሲከፈት በእሷ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ከረንት ነው ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ የሚቀሰቅሰው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ዲናሞው ላይነቃ ይችላል። አምፖሏ ከተቃጠለችም እንደዚያው። አንዳንዱ ዲናሞ ሞተሩ ሲጮህ በራሱ ይነቃል፣ አንዳንዱ ግን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሌላውን ኤልኢዲ ብታደርግም የባትሪዋን ቦታ ተራ አምፖል ተውላት። ወይም በጎኗ ሬዚስተር ይታሰር፣ እሱ ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

ከ13 እስከ 16 ወግ ነው። ደምበጫ ላይ ምሳ የት ይበላል ከሚለው ተነስቶ፣ ጮቄ ሥር ያለው የክረምት ጉም፣ ከዚያ ቢጫ ባውዛ ይሻላል ወይስ ነጭ፣ ከዚያ ዘንድሮ ጤፍ ስንት ገባ። አንዱ ይሄ የመኪና ክር ነው ብሎ ቢያሳስብ ጤፉንም የሚጭነው መኪና ነው ተብሎ ዝም ተሰኘ።

መልስ 17 ላይ ነው ነገሩ የከረረው። ጸሐፊው የ24 ቮልት አምፖል ሲጠፋ እሱ የሚያደርገውን ነገረን። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ሽቦ ስቦ 12 ቮልት ያወጣል፣ በዚያ የ12ቱን አምፖል ያበራል፤ ቴፑንም ሞባይል ቻርጀሩንም በዚያው። መልስ 18 እንደ መብረቅ ወረደበት። ደደብ የሚለው ቃል ስለነበረበት ተሰርዟል፣ ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ሁለቱ ባትሪዎች ተከታትለው የታሰሩ ናቸው፣ ዲናሞው እኩል እንደሆኑ ቆጥሮ ነው የሚሞላቸው። ከአንዱ ብቻ ስትስብ አንደኛው ሁልጊዜ እንደተራበ ይቀራል፣ ሌላኛው ከመጠን በላይ ይሞላል። በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። 17 ለሦስት ዓመት ሲሠራበት እንደኖረ ተከራከረ፣ 18 በሦስት ዓመት ስንት ባትሪ እንደገዛ ጠየቀው። 17 መልስ አልሰጠም። አስተዳዳሪው ሁለቱም አፋቸውን እንዲሰበስቡ ጻፈ። በነገራችን ላይ ሽማግሌው እግረ መንገዳቸውን፣ ሁለት የ12 ቮልት አምፖል አከታትሎ ማሰር ለአንድ ሌሊት እንደሚያደርስ፣ አንዱ ሲቃጠል ግን ሁለቱም እንደሚጠፉ አክለዋል።

መልስ 19 ሴት ናት፣ ከቡሬ፣ ሁለት መኪና የምታስተዳድር። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም አምፖል አምፖል ስንል እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። ባትሪዬ ውስጥ በስንት ጊዜ ውሃ እንደምጨምር።

ሞባይሌን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። በየሳምንቱ ነው የምጨምረው። ሙቀት ነው እያልኩ። ካቢኑ ውስጥ አንዳንዴ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም ነበር፣ ረዳቴን ነበር የምጠረጥረው። በመልስ 20 ሁሉንም ተናዘዝኩ።

በ21 የምለካውን ነገረችኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁለቱ ባትሪ ላይ 25 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ትንሽ ጋዝ ሲሰጠው ከ27.5 እስከ 28.5 አካባቢ። ከዚያ በጣም ካለፈ ዲናሞው ባትሪውን እያጠገበ ሳይሆን የባትሪውን ውሃም አምፖሎቹንም እያቃጠለ ነው። የጎረቤቴን ቴስተር ተውሼ ለካሁ። ጠፍቶ 25.1። ተነስቶ 28፣ 29፤ ጋዝ ስሰጠው 31.2። ረዳቴ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበና ጥሩ ነው አይደል ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ 22 ከ12 ጋር አንድ ሰው ነው። ጥፋቱ የሬጉሌተሩ እንደሆነ፣ እሱም ዲናሞው ጀርባ ውስጥ ተቀምጦ ቮልቱን የሚቆጣጠር ትንሽ ዕቃ እንደሆነና ዲናሞውን በሙሉ እንዳልገዛ ነገረኝ። መጀመሪያ ግን የዲናሞውን የሽቦ መያዣዎችና ማሳ የሚባለውን የኔጌቲቩን ሽቦ እንዳጸዳ። አጸዳሁ፣ ለውጥ የለም። ማርቆስ አንድ ባለሙያ ጋ ወስጄ ሬጉሌተሩ ተቀየረ። አሁን 28.2 ላይ ቆሟል፣ ጋዝ ብትሰጠውም ንቅንቅ የለም። የባትሪ ውሃውም መጉደል ትቷል። ይሄን በ23 ጻፍኩና እልል ተባለልኝ። መልስ 3 ተመልሶ መጥቶ መጨረሻው ኤሌትሪሺያን ጋ መሄዴን አስታወሰኝ። ይቆጠርለት።

ቀጥሎ እሁድ ጠዋት ዳሽቦርዱን ራሴ ፈታሁ። መልስ 24 የዚያ ቀን ዘገባዬ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ከውስጡ የጤፍ እብቅ፣ ሁለት የደረቁ ዝንቦች፣ አንድ የብሎን ክዳንና የድሮ የኮቴ ደረሰኝ ወጣ። የተቃጠሉት አምፖሎች ውስጣቸው እንደ ኩራዝ ብርጭቆ ጠቁሯል። ሰባት ቀየርኩ። አንዱ መያዣ ግን ሲወጣ ቀለለኝ። አምፖል የለበትም። አልተቃጠለም፣ አልተሰበረም፤ ባዶ ነው። መያዣው ደግሞ በደንብ ተመልሶ ጠብቋል።

መልስ 25 ወዲያው ገባው። አምፖሉ አልሞተም፣ ተነቅሏል። መኪና ሲሸጥ አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት አልጠፋ ካለ ብልሽቱን ከመጠገን አምፖሉን መንቀል ይረክሳል። ገዥ የበራውን እንጂ ያልበራውን አያይም። እኔም አላየሁም። በ26 ላይ ደላሎችና ሹፌሮች ተያያዙ፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። የሸጠልኝን ሰው ስም የጠየቃችሁኝ፣ አልናገርም። እሱም ከሌላ እንደዚሁ ገዝቶት ይሆናል።

ባዶው ቦታ ላይ አምፖል ሰክቼ ቁልፍ ከፈትኩ። ሁሉም በራ። ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም ጠፋ፣ ያቺ አንዷ ብቻ ቀረች። ቢጫ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ሥዕል ያለባት። መልስ 27 ማጣሪያው ሥር ውሃ መጠራቀሙን የምትናገረው እሷ እንደሆነች ነገረኝ። ከሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ ወደ ዕቃ ማንጠፍ፣ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ማጥበቅ፣ ከዚያ በእጅ ፓምፑ እየገፉ አየሩን ማስወጣት። በተቆረጠ ሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበልኩት። ናፍጣው ከላይ ተንሳፎ ከሥሩ ከግማሽ ብርጭቆ የሚበልጥ ውሃ ተኛ፣ ከታቹ እንደ ጠላ አተላ ያለ ነገር። መብራቷ ጠፋች። ዳገት ላይ ጉልበት የሚያንሰኝ ለካ በዚህ ነው ልል አልኩና ተውኩት፣ ጤፉም ከብዶ ነበር።

መልስ 28 ውሃው ከየት መጣ ብሎ አዲስ ክርክር ከፈተ። በበርሜል ከሚሸጠው ነው የሚሉ አሉ፤ እንጅባራ በዚያ ብርድ ግማሽ ታንከር ይዘህ ስታድር ታንከሩ ውስጥ ይጤዛል የሚሉም አሉ። ለዚህ ሌላ ክር ክፈቱ።

መልስ 29 የሽማግሌው ነው። አንድ ባዶ ከተገኘ ሁለተኛ ላለመኖሩ ማረጋገጫ የለም ይላሉ። ቁልፍ ከፍቼ፣ ሞተር ሳላስነሳ፣ የበሩትን የማስጠንቀቂያ መብራቶች ቆጥሬ ቁጥሩን እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። ዛሬ ማታ ከረዳቴ ጋር ቆጠርን። እሱ 9 አለ፣ እኔ 10። ነገ ጎህ ሳይቀድ፣ ካቢኑ ጨለማ እንዳለ፣ ደግመን ቆጥረን እጽፋለሁ።